በአሉሚኒየም ፍሬም ላይ ጥርስ በእጅ ማውጣት፦ የትኛው ታፕ፣ የትኛው ቅባት፣ መቼስ ሌላ ማያያዣ?

ከጥምቀት በፊት ባሉት ሳምንታት ጎንደር ውስጥ የአሉሚኒየም ሠራተኛ ፋታ የለውም። ሆቴሉ መስኮት ያድሳል፣ ሱቁ በር ይቀይራል፣ ፒያሳ ያለው ካፌ የመስታወት ክፍልፋዩ እንግዳ ሳይገባ እንዲያልቅለት ይወተውታል። በዚህ ጥድፊያ መካከል ሳይታሰብበት የሚታለፈው ማያያዣው ነው። «ወንድሜ፣ ብቻ ይቁምልኝ» ሲባል እጅ ላይ የተገኘ ብሎን ይነሣና በትራፓኖ ይነዳል። ፍሬሙ በእርግጥ ይቆማል። በሩ ቀን ከሌት ሲከፈትና ሲዘጋ ከርሞ መንገጫገጭ ሲጀምር ግን፣ መገጣጠሚያው ተፈትቶ ሲታይ ቀዳዳው ውስጥ ጥርስ የሚባል ነገር አይገኝም፤ ግራጫ ዱቄት ብቻ ይራገፋል።

አሉሚኒየም ለስላሳ ስለሆነ ያለ ጥንቃቄ ቢሠራም የሚሆን የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ይህ ለስላሳነቱ ግን ታፑ (ቀዳዳ ውስጥ የብሎን ጥርስ የሚያወጣው መሣሪያ) ላይ እንዲጣበቅ፣ የወጣው ጥርስም በቀላሉ እንዲላጥ ያደርገዋል። በዚያ ላይ ፕሮፋይሉ፣ ማለትም ለፍሬም የሚቆረጠው የአሉሚኒየም ዘንግ፣ በአብዛኛው ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የሚደርሰን ዕቃ ነው። ተቆርጦ በልክ ያለቀ ቁራጭ ጫፉ ላይ ከተበላሸ፣ የሚተካው አንዳንድ ጊዜ ከአዲስ ባለ 6 ሜትር ዘንግ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ታፕ ከመግዛትም ሆነ ቀዳዳ ከመብሳት በፊት ምርጫውን በልኩ ማየት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ውፍረቱ ይለካ

ምርጫውን የሚወስነው ብሎኑ የሚነክሰው የአሉሚኒየም ውፍረት ነው። በአሉሚኒየም ውስጥ ጥርሱ ቢያንስ የብሎኑን ውፍረት አንድ ተኩል እጥፍ፣ ቢቻል ሁለት እጥፍ ጥልቀት ሊይዝ ይገባል። ለኤም 5 (5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው) ብሎን ይህ ከ7.5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ለኤም 6 ከ9 እስከ 12። የበርና የመስኮት ፕሮፋይል ግድግዳ ግን ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የኤም 5 አንዱ ጥርስ ከሌላው ያለው ርቀት 0.8 ሚሊ ሜትር በመሆኑ፣ 1.4 ሚሊ ሜትር ግድግዳ ላይ የሚወጣው ጥርስ ሁለት እንኳን አይሞላም። እዚያ ላይ ታፕ ማስገባት ድካም ነው፤ ታፑ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ውጤቱ አይለወጥም።

ታፕ ሙሉ ዋጋውን የሚያወጣባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው ዙሪያውን ቦይ ያለው የማሽንና የጠረጴዛ ፍሬም ፕሮፋይል ነው፤ 20 በ20 ወይም 40 በ40 እየተባለ የሚሸጠው። በመሐሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚዘልቅ ቀዳዳ ስላለው፣ በጫፉ በኩል የፈለጉትን ያህል ጥልቀት ያለው ጥርስ ማውጣት ይቻላል። ሁለተኛው ድፍን አሉሚኒየም ነው፤ 8 ወይም 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሳንቃ፣ የማጠፊያ ማቆሚያ፣ የእጀታ መሠረት።

በመስኮት ፕሮፋይል ጫፍ ላይ የሚታየው፣ ክቡ ሙሉ ሳይሆን ጎኑ የተከፈተ ትንሽ ቱቦ መሳይ ቦታ ያሳስታል። ቀዳዳ ስለሚመስል ብዙ ሰው ታፕ ይሞክርበታል። እርሱ የተሠራው ራሱ ጥርስ እያወጣ ለሚገባ ብሎን ነው፤ ታፕ ሲገባበት ወደ ተከፈተው ጎን ይገፋና ጥርሱ ተጣሞ ይወጣል።

የቀዳዳው ልክ

ሕጉ አጭር ነው፦ ከብሎኑ ውፍረት ላይ የጥርሱን ርቀት መቀነስ። ኤም 6 የጥርስ ርቀቱ 1 ስለሆነ ቀዳዳው 5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በተመሳሳይ ለኤም 4 3.3፣ ለኤም 5 4.2፣ ለኤም 8 6.8 ሚሊ ሜትር ፑንታ (የመብሻ ጫፍ) ይያዛል። ባለ ቦይ ፕሮፋይል ሲሆን ቀዳዳው ከፋብሪካ ስለሚመጣ መብሳት አያስፈልግም፤ ልኩን ግን ማጣራት የግድ ነው፤ አንድ ዓይነት የውጭ መጠን ያላቸው ሁለት ፕሮፋይሎች የመሐል ቀዳዳቸው ሊለያይ ይችላል። ካሊፐር ከሌለ የፑንታው ለስላሳ ጭራ ጥሩ መለኪያ ነው። 4.2ቱ ገብቶ 4.5ቱ እምቢ ካለ ፕሮፋይሉ የኤም 5 ነው። 5ቱ ልክክ ብሎ ከገባ የኤም 6 ነው፤ እዚያ ላይ ኤም 5 መሞከር ጥርሱ አየር እንዲነክስ ማድረግ ነው።

ከታፖቹ የትኛው?

በዕቃ ቤቶች በብዛት የሚታየው ሦስት ታፕ በአንድ ማኅደር የያዘው የእጅ ስብስብ ነው። ሦስቱ አንድ ልክ ይመስላሉ፤ ሥራቸው ግን ተራ በተራ ነው። በብዙዎቹ ላይ ጭራው አካባቢ አንድ ቀለበት ያለው መጀመሪያ ይገባል፣ ሁለት ቀለበት ያለው ይከተላል፣ ቀለበት የሌለው ይጨርሳል። የመጀመሪያው ጫፉ ረጅም ሆኖ እየቀጠነ ስለሚሄድ ቀጥ ብሎ ለመጀመር ይረዳል፤ ጥርሱን ግን ሙሉ ቅርጹን አያስይዘውም። በመጀመሪያው ብቻ ሠርቶ ብሎን የሚያስገባ ሰው ብሎኑ መንገድ ላይ ሲይዝበት ታፑን ይወቅሳል። ሦስቱንም ማሳለፍ ነው መፍትሔው። ዝግታው ካላስቸገረ ይህ ስብስብ ለጀማሪ የሚመረጥ ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚነሣው ብረት ጥቂት በመሆኑ ታፕ የመሰበር አደጋው ዝቅተኛ ነው። ወለል ያለውን ዝግ ቀዳዳ እስከ ታች ጥርስ ለማስያዝም የሦስተኛውን ያህል የሚሆን የለም።

ጥቂት ጨምሮ መክፈል ለሚችልና ብዙ ጫፍ ለሚሠራ ሰው፣ ለባለ ቦይ ፕሮፋይል የእኔ ምርጫ ሌላ ነው፦ በራሱ በታፑ ጎን ያሉት ቦዮች ቀጥ ያሉ፣ አፉ ላይ ግን ሰያፍ ተደርጎ የተሳለ አንድ ታፕ። ይህ ተቆርጦ የሚወጣውን ፍቅፋቂ ወደ ፊት እየገፋ ይሄዳል። የፕሮፋይሉ ቀዳዳ እስከ ሌላኛው ጫፍ ክፍት ስለሆነ ፍቅፋቂው የሚጠራቀምበት ወለል የለም፤ በመጨረሻ ዘንጉን አቁሞ ማራገፍ ብቻ ነው። ሥራውን በአንድ ጊዜ ይጨርሳል፣ ወደ ኋላ መመለስም ብዙ አይጠይቅም። ወለል ባለው ቀዳዳ ውስጥ ግን ይኸው ታፕ ፍቅፋቂውን ከፊቱ አጭቆ ራሱን ይቀረቅራል።

ቦዮቹ እንደ ፑንታ የተጠማዘዙት ደግሞ በተቃራኒው ፍቅፋቂውን ወደ ላይ እየሳቡ ያወጣሉ፤ ስለዚህ ቦታቸው ወለል ያለው ቀዳዳ ነው። ድፍን ሳንቃ ላይ ለሚሠራ እጅግ ይመቻሉ። ጉዳታቸው አካላቸው መሳሳቱ ነው፤ እጀታው ወደ ጎን ሲዘም ቀጥ ካለው ታፕ ቀድመው ይሰበራሉ።

ሳይቆርጥ ብረቱን እየገፋ ጥርስ የሚቀርጽ ታፕም አለ። ፍቅፋቂ የለውም፣ የሚሠራው ጥርስም ጠንካራ ነው፤ የፕሮፋይል አሉሚኒየምም ለዚህ የሚስማማ ነው። ሆኖም ቀዳዳው ሰፋ እንዲል ይፈልጋል፤ ለኤም 5 4.65 ሚሊ ሜትር ገደማ። በ4.2 ላይ ቢሞከር ይነክሳል እንጂ አይሄድም። ጉልበትም ይበዛበታል። ቋሚ መብሻ ማሽን ለሌለው ሰው አልመክረውም።

የትኛውም ቢመረጥ ጭራው ላይ ኤችኤስኤስ (ለመቁረጫ መሣሪያ የሚሆን፣ ሙቀት የሚችል ጠንካራ ብረት) የሚል ጽሑፍ ይፈለግ። ርካሹ የካርቦን ብረት ታፕ አሉሚኒየምን ይቆርጣል፤ ነገር ግን ስለቱ ቶሎ ይዶለዱማል፣ የዶለዶመ ታፕ ደግሞ መቁረጡን ትቶ ብረቱን ይፈጨዋል። አንድ ተጨማሪ ምክር፦ ለአሉሚኒየም የተገዛው ታፕ ለብረት አይዋስ። ብረት የነካ ስለት አሉሚኒየም ላይ ሲመለስ ሸካራ ጥርስ ያወጣል።

በእጅ ወይስ በትራፓኖ?

እስከ ኤም 6 ድረስ፣ ጫፎቹ በጣም ካልበዙ፣ በእጅ ይሠራ እላለሁ። መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም፤ ከዚያ በላይ ደግሞ እጅ የሚሰማውን ትራፓኖ አይሰማም። ታፕ ከመሰበሩ በፊት እጀታው እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፦ ያዞሩታል፣ ስለቱ ግን አይሄድም፣ ሲለቁትም መልሶ ይገፋል። ያን ጊዜ ቆሞ ወደ ኋላ መመለስ የታፑንም የፕሮፋይሉንም ሕይወት ያተርፋል። ትራፓኖ ይህችን ቅጽበት በፍጥነት ያልፋታል።

ብዙ ደርዘን ጫፍ በአንድ ቀን ማድረስ ግድ ሲሆን ትራፓኖ ይገባል፤ ያኔም ጉልበት መገደቢያው ዝቅተኛው ላይ ተደርጎ፣ በዝግተኛው ፍጥነት፣ አፉ በሰያፍ በተሳለው ታፕ። ባለ ሦስቱን የእጅ ስብስብ ትራፓኖ ላይ ማሰር አይገባም።

በእጅ ሲሠራ ትልቁ ጭንቀት ማዘንበል ነው። የተቆረጠው ጫፍ መጀመሪያ በሞረድ ይስተካከል፤ የቀዳዳውም አፍ በወፍራም ፑንታ በእጅ ትንሽ ይከፈት፣ አለበለዚያ የመጀመሪያው ጥርስ ወደ ውጭ ያብጥና መገጣጠሚያው ልክክ አይልም። ፕሮፋይሉ ሞርሳ ላይ ሲታሰር ጥርሳሙ መንጋጋ ምልክት እንዳይተውበት በሁለት በኩል እንጨት ይደረግ። ታፑ ሁለት ዙር ያህል ከገባ በኋላ ትንሽ ስኳድራ በአንድ በኩል ይጠጋል፣ ከዚያም 90 ዲግሪ ዞሮ በሌላው በኩል። ማስተካከል የሚቻለው እዚህ ላይ ብቻ ነው፤ አምስት ዙር ከገባ በኋላ ማቅናት ጥርሱን ማስፋት ወይም ታፑን መስበር ነው።

ዓይኑን ለማያምን ቀላል መላ አለ። 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የወይራ እንጨት ላይ በቋሚ ማሽን ቀጥ ያለ 5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይበሳል፤ ያ እንጨት የፕሮፋይሉ ጫፍ ላይ ቀዳዳ ለቀዳዳ ገጥሞ ይታሰርና የኤም 5 ታፑ በውስጡ ይመራል። ወይራ ጠጣር ስለሆነ ብዙ ጫፍ እስኪሠራ ልኩን አይለቅም። የታፑ ጭራ በእንጨቱ በኩል እንዲያልፍ ጭራው ከ5 ሚሊ ሜትር የማይወፍር ረጅም ታፕ መያዝ ያስፈልጋል፤ ታፑ አጭር ከሆነ እንጨቱን ማሳጠር ነው።

ቅባቱ

በደረቁ አይሠራ። አሉሚኒየም ሲሞቅ ስለቱ ላይ ይለጠፋል፤ የተለጠፈው ቁራሽ ራሱ ስለት ሆኖ የወጣውን ጥርስ ይቦጫጭቃል። ምልክቱ ድምፅ ነው፦ ታፑ ሲጮህ፣ የሚወጣውም ፍቅፋቂ የሚያበራ ጥምዝ መሆኑ ቀርቶ ደብዘዝ ያለ ዱቄት ሲሆን ቅባት አንሶታል።

በዚህ ረገድ የኛ ምርጥ ቅባት ውድ አይደለም፤ ነጭ ጋዝ ነው። ቀጭን ስለሆነ ስለቱ ድረስ ይዘልቃል፣ አሉሚኒየም እንዳይለጠፍም ያደርጋል። ጥቂት ጠብታ ንጹሕ የሞተር ዘይት ቢጨመርበት ደግሞ ይሻላል። ጠርሙስ ክዳን ላይ ትንሽ አድርጎ በብሩሽ መቀባት ይበቃል። በቆርቆሮ የሚሸጠው ደብሊው ዲ 40ም በጎ ነው፤ ዋጋው ግን ለብዙ ቀዳዳ አያዋጣም። የምግብ ዘይት ለአንድ ሁለት ቀዳዳ ይረዳል፤ ካልተጠረገ ግን እየደረቀ ይሙለጨለጫል፣ ቆይቶም ይጣበቃል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ግን ፈጽሞ አይሁን። በውስጡ ያለው ቅንጣት ስለት ይበላል፣ ጥቁረቱም ነጣ ባለው ፕሮፋይል ላይ ገብቶ ደንበኛው ፊት ያሳፍራል። ነጭ ጋዝ እሳት የሚይዝ መሆኑን ለመበየጃ ጎረቤቶች ማስታወስ ይገባል፤ በአንድ ወርክሾፕ ውስጥ ብየዳና ታፕ ጎን ለጎን መሠራታቸው የተለመደ ነውና።

ቀጥ ያለ የእጅ ታፕ በሆነ ጊዜ አንድ ዙር ወደ ፊት፣ ሩብ ወይም ግማሽ ዙር ወደ ኋላ። ፍቅፋቂው ሲሰበር ትንሽ «ቀጭ» የሚል ስሜት መዳፍ ላይ ይደርሳል። ለኤም 5 ከ12 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ከተገኘ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ መሄድ ድካም እንጂ ጥንካሬ አይጨምርም።

ታፕ የማያዋጣበት ቦታ

ወደ ቀጭኑ ግድግዳ እንመለስ፤ የከተማችን አብዛኛው ሥራ እርሱ ነውና። እዚህ ላይ የምርጫ መለኪያው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ መገጣጠሚያ ወደፊት ይፈታል ወይስ አይፈታም?

የማይፈታ ከሆነ ሪቬት ይበቃል። ፈጣን ነው፣ ከወንፊት እስከ ማዕዘን ድጋፍ ያገለግላል፣ ሲበላሽም በፑንታ ተበስቶ ይወጣል። አልፎ አልፎ ብቻ የሚፈታ ከሆነ፣ ቀደም ብዬ ባነሣሁት ጎኑ ክፍት ቦታ ላይ ራሱ ጥርስ የሚያወጣ ብሎን ትክክለኛው ነው። እርሱን መልሶ ሲያስገቡ መጀመሪያ ወደ ኋላ ማዞር ይገባል፤ ብሎኑ ትንሽ ጠልቆ ሲወድቅ የቀድሞ ጥርሱን አግኝቷል ማለት ስለሆነ ያኔ ወደ ፊት ይታሰራል። ይህ ካልተደረገ በየመፍታቱ አዲስ ጥርስ ይቆረጣል፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ብሎኑ ባዶውን ይዞራል።

ደጋግሞ የሚፈታ ቀጭን ግድግዳ ሲሆን፣ ለምሳሌ የማስታወቂያ ሰሌዳ ክዳን ወይም የሶላር ማቆሚያ፣ ባለ ጥርስ ሪቬት ይመረጣል፤ ግድግዳውን ከሁለት በኩል ጨብጦ በውስጡ የዳዶ ሥራ የሚሠራው። ለኤም 5 7 ሚሊ ሜትር፣ ለኤም 6 9 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ የተለመደ ነው። ቀዳዳው ጥቂት እንኳን ከሰፋ ከነብሎኑ መዞር ይጀምራል፣ ያኔ ማውጣቱ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ስለዚህ በግማሽ ሚሊ ሜትር ባነሰ ፑንታ በስቶ በሞረድ ወደ ልኩ ማድረስ ይሻላል፤ አካሉ ለስላሳ ከሆነው ይልቅም ጎኑ የተፈለፈለው ይመረጥ።

የበር ማጠፊያ ግን ከእነዚህ ለአንዳቸውም አይሰጥ። 6 ሚሊ ሜትር መስታወት በካሬ ሜትር 15 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ 90 ሳንቲ ሜትር በ2.10 የሆነ የሱቅ በር የመስታወቱ ክብደት ብቻ ወደ 28 ኪሎ ይጠጋል፣ ፍሬሙ ሳይቆጠር። ይህ ሸክም ሳያቋርጥ ከላይኛው ማጠፊያ ላይ ይጎትታል። እዚህ የምመክረው ፕሮፋይሉ ውስጥ የሚንሸራተት 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ቆርጦ ጥርሱን እርሱ ላይ ማውጣት ነው። ብረት ከአሉሚኒየም ስለሚጠነክር የብሎኑን ውፍረት ያህል ጥልቀት ይበቃዋል፤ ለኤም 6 6 ሚሊ ሜትር ብረት ልኩ ነው። አሉሚኒየሙ ብሎኑን መያዙ ቀርቶ በማጠፊያውና በብረቱ መካከል ተጨብጦ ብቻ ይቆማል። ሥራው ግማሽ ሰዓት ይጨምር ይሆናል፤ በሩ ግን አይወርድም።

ወጋ አድርጎ የሚያልፍ ብሎንና ዳዶም አለ። ይህ አስተማማኝ ቢሆንም ክፍት ፕሮፋይል ላይ ሲጠበቅ ግድግዳዎቹን ወደ ውስጥ ያጎብጣል። በውስጥ የፕሮፋይሉን ስፋት ልክ የተቆረጠ ቱቦ ካልገባበት አይሞከር።

የውጭ ፍሬም ላይ ደግሞ ሙቀቱ ይታሰብ። አሉሚኒየም ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሙቀት በሜትር 0.023 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ሌሊት ቀዝቅዞ ቀን ፀሐይ ላይ 20 ዲግሪ የሚጨምር 3 ሜትር ዘንግ ወደ 1.4 ሚሊ ሜትር ያህል ይንቀሳቀሳል። ሁለቱም ጫፍ በጥርስ ጠብቆ ከተያዘ ይህ እንቅስቃሴ በየቀኑ ጥርሱን ይጎትታል፤ በአንደኛው ጫፍ ቀዳዳውን ሞላላ ማድረግና ሮንዴላ መጠቀም ይበጃል። የማይዝግ ብሎን በአሉሚኒየም ጥርስ ውስጥ ሲገባም ጥቂት ግራሶ ይቀባ፤ በደረቁ ከርሞ ሲፈታ ጥርሱን ይዞ ሊወጣ ይችላልና።

ታፕ ሲሰበር፣ ጥርስ ሲላጥ

ቀዳዳ ውስጥ ተሰብሮ የቀረ ታፕ በፑንታ አይበሳም፤ ፑንታው እየተንሸራተተ አሉሚኒየሙን ይበላዋል። ጫፉ ከታየ በቀጭን ፒንሳ ወይም በሹል ነገር ወደ ኋላ ቀስ እያሉ መታ መታ ማድረግ ነው። ቁራጩ ድስት ውስጥ የሚገባ ትንሽ ከሆነ፣ አሉም የሚባለው ጨው በብዛት በተሟሟበት ሙቅ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ይቻላል፤ ሰዓታት ቢወስድም የታፑን ብረት እየበላ አሉሚኒየሙን ይተወዋል። ድስቱ የብረት እንዳይሆን።

የተላጠ ኤም 5 ጥርስ ግን ከሚመስለው በላይ ቀላል ነው። ሲላጥ የሚቀረው ቀዳዳ ወደ 5 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ ይህ ደግሞ ኤም 6 የሚፈልገው ልክ ነው። ዙሪያው በቂ ብረት ካለው በ5 ሚሊ ሜትር ፑንታ አጽድቶ የኤም 6 ታፑን ማስገባት ነው። ብሎኑ ሲያድግ የሚገጥመው ክፍል ቀዳዳም አብሮ ከ5.5 ወደ 6.6 ሚሊ ሜትር ይስፋ።